ለወጥ ቤቴ የመጣው ሳንቃ

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ የጠራችኝ የወጥ ቤቷ ካቢኔት ስላበጠ ነበር። "ነይ እስቲ እይልኝ" ስትል ድምጿ በሽተኛ የተኛበት ቤት ድምፅ ይመስላል። ገባሁና አየሁ፤ እውነቷን ነው። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው በር አብጧል። ካቻምና ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ ሲወርድ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወጥቶ ያየው በር ነው፤ ነጭ፣ ፊት የሚያሳይ፣ እጅ ሲነካው የሚያዳልጥ። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ከርሞ አሁን እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል። ጫፉን በጣቴ ብነካው ፍርክስ ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ እንጨት የለም። በሙጫ የተላቆጠ ሰጋቱራ ነው።

እኔ ደግሞ ያንኑ ዓይነት በር ላዝዝ ልኬቱን አስወስጄ ጨርሻለሁ። እጄ ላይ የቀረውን ሰጋቱራ እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤቴ እሷን ያዘንኩላት መስሏት "ተዪው እቴ፣ ዕቃ ነው" እያለች ታጽናናኝ ጀመር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከእናቴ ልጀምር። እናቴ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው አገር፣ አባቴ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። መሬቱን ጎረቤት በእኩል ያርስላቸዋል፤ ላሞችና ጥቂት በጎች አሏቸው። ከልጆቻቸው የቀረሁላቸው እኔ ብቻ ነኝ። ፍኖተ ሰላም መጥተው እኔ ዘንድ ይኑሩ ብዬ ስለምን ዓመታት አለፉ። እናቴ ግን እንቢ ማለት አያውቁበትም። "ይሁን" ይላሉ። "ክረምቱ ይውጣ" ይላሉ። ክረምቱ ሲወጣ "አዝመራው ይግባ" ይላሉ። በመጨረሻ ያገኙት ምክንያት ወጥ ቤቴን ነው። የድሮው ወጥ ቤቴ ጓሮ የቆመ፣ ጣራው የሚያፈስ የቆርቆሮ ዳስ ነበር። "ወጥ ቤትሽ ይለቅና እመጣለሁ" አሉኝ። ይህችን ቃላቸውን ያዝኩ። ዳሱን አፈረስኩት። ከቤቱ ጋር አያይዤ በብሎኬት አሠራሁ፤ ውሃ ገባ፣ መብራት ገባ፣ ወለሉ ሴራሚክ ሆነ። የቀረው የካቢኔቱ በር ነው። በሩ ከተገጠመ እናቴ የሚያነሱት ሌላ ነገር የለም። እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ የእንጨት ነገር እንቅልፍ የነሳኝ በዚህ የተነሳ ነው።

አናጢው በቡሬ መንገድ ዳር የሚሠራ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሲቀልድ እንኳ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ሰጋቱራ በር አልፈልግም፣ እንጨት የሆነ እንጨት አምጣልኝ አልኩት። በማግስቱ በየዓይነቱ ቁራጭ ይዞ መጣና በረንዳዬ ላይ ደረደረልኝ፤ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪላ፣ ቀረሮ፣ ዋንዛና ኮሶ። "የወደዱትን ይምረጡ" አለኝ። እኔ ደግሞ ፊደል እንኳ የለቀምኩት በልጆቼ ደብተር ላይ አጮልቄ ነው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ነገር ስለሌለ ካልሞከርኩ አላምንም። "ተውልኝ፣ ወጥ ቤት ይግቡና ይታያሉ" አልኩት።

ገቡ። ሽሮ ሲንተከተክ እንፋሎቱ ላይ በሽቦ አንጠለጠልኳቸው። ባልዲ ውስጥ ግማሽ ጎናቸውን ነክሬ አሳደርኩና በማግስቱ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። በርበሬና ዘይት አንጠባጥቤባቸው በሳሙና አጠብኩ። የብረት ጭልፋ ጣልኩባቸው። ልጆቼ እናታችን አበደች ብለው ለጎረቤት አወሩ።

ባሕር ዛፉ ብርቱ ነው፤ ጭልፋው ሲወድቅበት ጭልፋው ነው የጮኸው። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዕለት ግን እኩለ ቀን ላይ ጧ የሚል ድምፅ ሰምቼ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ጣራው የተሰነጠቀ ነበር የመሰለኝ። ብወጣ ባሕር ዛፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተርትሮ፣ እንደ ተቆጣ ሰው ፊቱን አዙሮ ተጣሟል። ግራቪላው መልኩ ያምራል፣ ጥልፍ የተጠለፈበት ይመስላል፤ ነገር ግን የጭልፋው ምልክት እንደ ጠባሳ ቀረበት። ቀረሮው ከዓባይ ማዶ በቡሬ በኩል የሚመጣ፣ ለስላሳ፣ ፈዘዝ ያለ እንጨት ነው። በርበሬውን ጠጣውና አልለቅም አለ፤ ወር ሳይሞላው ወጥ ቤቴ ሽፍታ የወጣበት ሊመስል ነው። ዋንዛ አልተጣመመም፣ አልተሰነጠቀም፤ በርበሬና ዘይቱ እንዲያውም አሳመረው። አንዱ እንከኑ ደረቅ ዋንዛ አለመገኘቱ ነው። አሁን ሰዉ ይቆርጥና ገና ውሃው ሳይደርቅ ይሸጣል፤ ርጥቡን ከገጠሙት ደግሞ በሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሸሻል፣ ነጩ ክፍሉም የነቀዝ ቀለብ ይሆናል።

ኮሶውን አልሞከርኩትም። ቀይ ነው፣ ደም የመሰለ፣ ዓይን ይይዛል። ግን ኮሶ ነው። ኮሶ ጠጥታችሁ ካደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ አፍንጫችንን ይዘው ሲያጠጡን፣ ምሬቱ ጥርስ ላይ ተጣብቆ እስከ ማታ የሚውለው። እኔ ስሙ ሲነሳ ዛሬም ምራቄ ይሞላል። ምግቤን ከኮሶ በር ጀርባ አላስቀምጥም አልኩ።

አናጢው ቁራጩን አገላብጦ አየውና "እትዬ፣ የሚጠጣው እኮ አበባው ነው። በሩን ማን ይልሰዋል ብለው ነው?" አለኝ።

"ይላሳል። አንተ ቤትህ ሕፃን የለም መሰለኝ።"

ቁራጩ ሥራ ፈትቶ ከሚቀር ብሎ ንፋስ የሚዘጋብኝን የበረንዳውን በር አስደገፈበት።

ዋንዛ እንዲሆን ቆረጥኩ። ያን ሰሞን ለእናቴ ስልክ ደወልኩ፤ እንዲህ እንዲህ ሆኗል፣ የቀረው በር ብቻ ነው፣ ይዘጋጁ ልላቸው።

"ስንት በር ነው?" አሉኝ።

"አሥራ ሁለት።"

"አሥራ ሁለት" ብለው ደገሙት። 

"ከማን ልታመልጪ ነው በአሥራ ሁለት በር?"

የሰው መግቢያ አይደለም፣ የዕቃ ማስቀመጫ ነው፣ ትንንሽ በር ነው፤ ለሳህኑ አንድ፣ ለድስቱ አንድ፣ ለጨውና ለቅመሙ አንድ ብዬ አስረዳኋቸው።

"ለጨውም በር? ጨውሽ ይሸሻል?"

ሳቅንና ወደ እንጨቱ ነገር መጣን። እናቴ እንጨት ያውቃሉ፤ የትኛው እንጨት በየትኛው ጨረቃ ቢቆረጥ አይነቅዝም የሚለውን ሁሉ ከአባቴ ጋር ሲከራከሩ ነው ያደግኩት። ዋንዛ መምረጤን፣ ደረቅ አለማግኘቴን ነገርኳቸው። "እንደ ቤታችን በር ያለ የከረመ ዋንዛ ባገኝ ምን ነበረበት" አልኩ። የቤታችን በር አንድ ወጥ ሳንቃ ነው፤ አንድ ሰው ክንዱን ቢዘረጋ የማይሞላው፣ በመጥረቢያ የተጠረበ፣ ጭስ እየጠጣ እንደ ከሰል የጠቆረ። ማጠፊያ የለውም፤ ከራሱ ከሳንቃው የወጣ ጫፍ እላይና እታች ጉድጓድ ገብቶ ነው የሚዞረው። የመጣ እንግዳ ሁሉ "ይህ ዋንዛ ነው?" ብሎ ይዳስሰው ነበር፤ አባቴ "ዋንዛ ነው" ይሉ ነበር፣ ደረታቸው ነፋ ብሎ።

እናቴ "እሱስ ከብዷል" ብቻ አሉኝና ስለ በርበሬው ማውራት ጀመሩ። ሳንቃውን ማመስገናቸው ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ግቢዬ በር ላይ ጋሪ ቆመ። ባለጋሪውና አንድ አላፊ መንገደኛ ገመድ ሲፈቱ ሰማሁ። ቃሪያ እየገነጠልኩ ስለነበር ቢላውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ጋሪው ላይ የተጋደመው ምን እንደሆነ ሰው ሳይነግረኝ አወቅኩት። ታችኛው ጥጉ ጥጃ ሲፈትግበት ተበልቶ የጎደለ፣ አንድ ጎኑ በእጅ ብዛት የሰረጎደ፣ መሐሉ ላይ የመቀርቀሪያው ቀዳዳ ያለበት ጥቁር ሳንቃ። የቤታችን በር ነው።

ይህን የማያውቅ አገር ሰው በር መጣ ብሎ ያልፈው ይሆናል። እኛ ዘንድ በር የሚነቀለው ቤት ሲፈታ ነው። ባለቤቱ ሞቶ ወራሽ ሲጠፋ፣ ወይም ቤተሰብ ነቅሎ ሲሄድ፣ ዘመድ ይሰበሰብና ማገሩን፣ ወጋግራውን ይከፋፈላል፤ ከሁሉ በፊት የሚወርደው በሩ ነው። ሰው የሚኖርበት ቤት በሩ አይነቀልም። በመንገድ የሚያልፍ ሰው በር የሌለው ቤት ካየ ነፍስ ይማር ብሎ ነው የሚያልፈው።

ቢላው ከእጄ ወደቀ። ባለጋሪውን ከእግር እስከ ራሱ አየሁት፤ ጥቁር አልለበሰም። "አሉ?" አልኩት።

"ማን? እናትዎ? ዛሬ ጠዋት ጠላ አጠጥተውኝ ነው የመጣሁት" አለኝ። "ለበሮቿ ትሁን በልልኝ ብለዋል።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ሳንቃውን ለሁለት እያቃሰቱ አውርደው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ያኔ ሁለተኛው ነገር ገባኝ፤ እናቴ ቤቱን ፈትተው ሊመጡ ነው። ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር ሆነ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አላለኝም። ይምጡ ስል ቤቱ እንደቆመ፣ በሩ እንደተዘጋ፣ በፋሲካና በመስከረም እየሄድን የምንከፍተው ነበር የሚመስለኝ። መምጣት ማለት ያ ቤት አፉን ከፍቶ መቅረት እንደሆነ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

አናጢው ሲመጣ ሳንቃውን ዞሮ ዞሮ አየው። በእጁ ጀርባ አንኳኳው። እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ በገንዘብ አይገኝም፣ እሳት ካልሆነ በቀር የሚያበላሸው የለም አለኝ። ከዚያ መላጊያውን አውጥቶ ጥጉን ትንሽ ላገው። ጥላሸቱ እንደ ቅርፊት ተነሳ። ሁለተኛ ላገ፤ ቆመ። ወደ በረንዳው ሄደና በሩ የተደገፈበትን ቁራጭ አንስቶ አመጣ፤ የተላገው ቦታ ላይ አስጠጋው። ደም የመሰለ ቀይ ከደም የመሰለ ቀይ ጋር ገጠመ።

"ኮሶ ነው፣ እትዬ።"

"ዋንዛ ነው" አልኩት። "እንኳን እኔ አገር ያውቀዋል።"

 ሌላኛውን ጥግ ላገ። እሱም ቀይ ነው። ኮሶ በእኛ አገር አይበቅልም፤ የደጋ ዛፍ ነው፤ ማንኩሳ አካባቢ ዋንዛ በየማሳው ቆሞ ኮሶ ማን አምጥቶ በር ያደርገዋል? በዚያ በር ሥር ነው የዳህኩት፣ በዚያ በር ጫፍ ነው ጥርሴን ያወጣሁት ይሉኛል። አናጢው ፊቱን ሳይፈታ መላጊያውን እየጠረገ "እንግዲህ እርስዎም ልሰውታል" አለኝ። መሳቅ ነበረብኝ፤ አልሳቅኩም። እንኳን ስለ እናቴ፣ ስለ በሩ እንኳ የማውቀው ነገር እውነት እንዳልነበረ ገባኝ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ አግኝቼ ማንኩሳ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግር ነው። በርበሬ የሚለቀምበት ወር ነው፤ ሜዳው ሁሉ ቀይ ተሰጥቶበታል፣ የማገኘው ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። ሰላምታ የሚሰጠኝን ሰው ፊት እያየሁ ዜናውን የሰማ እንደሆነ ለማወቅ እሞክራለሁ። መንገዱን ሙሉ በልቤ ጓዝ ስጭን ነበር፤ ላሞቹን ማን ይረከባል፣ ጎተራው እንዴት ይሆናል፣ ዶሮዎቹን ለማን። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ያንን ጥቁር ክፍተት ማየት ነበር። ቁልቁለቱን ስጨርስ ቤቱ ይታያል። እዚያ ስደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ጥቂት ቆምኩ።

ስገልጥ የሆነ ነገር ዓይኔን ወጋኝ። ክፍተት የለም። ፀሐይ ያንጸባረቀበት ሰማያዊ የቆርቆሮ በር በብረት ዘንግ ተበይዶ፣ ተገጥሞ፣ ተዘግቶ ቆሟል።

 በሩ ተነቅሎ ሰው ያለበት ቤት አይቼ አላውቅም። ሄጄ ቆርቆሮውን አንኳኳሁ፤ ከበሮ የተመታ ያህል ጮኸ። በዚያ ቤት በር አንኳኩቼ አላውቅም ነበር።

"ግቢ፣ ክፍት ነው" አሉ ከውስጥ።

እናቴ መደብ ላይ ተቀምጠው የበርበሬ እሸት ጎን ለጎን እየለዩ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ከስተዋል፤ ወይም ከወትሮው የበለጠ ብርሃን ስለገባ ነው።

"በሩ ደረሰልሽ?"

"ደረሰ። አንቱስ፣ እማ?"

"እኔማ ይኸው።"

ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። መቼ እንደሚመጡ ጠየቅኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ውሃ ስጪኝ አሉ፣ ሰጠኋቸው፤ ጠጡና ሳንቃው ተላገ ወይ አሉኝ። ተላገ አልኩ። "እንግዲያስ አይተሽዋል" አሉ። ኮሶ መሆኑን ያውቃሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃሉ። አባቴ ለእንግዳ ዋንዛ ነው ሲሉ ባልን በሰው ፊት ማሳፈር አይገባም ብለው ዝም አሉ፤ ዝም ሲሉ ዝም ሲሉ አገሩ አጸደቀው።

በሩ የመጣው ከደጋ ነው፤ እናቴ ከተወለዱበት አገር። የእናታቸው ቤት በር ነበር። እናቴ እዚህ ተድረው ከመጡ በኋላ አባታቸው ሞቱ፤ እናታቸው ብቻቸውን ቀሩ። ልጅቱ፣ የእኔዋ እናት፣ ደግሞ በየጊዜው ወደ ደጋ እየወጣች "ይምጡ፣ እኔ ዘንድ ይኑሩ" እያለች ለመነች። እናታቸው እንቢ አላሉም። ይሁን፣ ክረምቱ ይውጣ አሉ። ከዚያ አንድ ቀን በሩን በሰው ሸክም ላኩ።

እናቴ ይህን ሲያወሩ እጃቸው በርበሬውን መለየት አላቆመም። "እኔም እንዳንቺው ነው የመሰለኝ" አሉኝ። "መኝታ አዘጋጀሁ። ወጥቼ ባይ በበሩ ፋንታ ጭራሮ አቁመው ተቀምጠዋል።"

 ይህን ሁሉ ዓመት ስለምናቸው፣ እሳቸው ራሳቸው ለማኝ እንደነበሩ፣ እያንዳንዷን ቃሌን ከእኔ በፊት ለእናታቸው ብለዋት እንደነበር አንድም ቀን አልነገሩኝም። እኔ ስናገር እየሰሙ፣ የሚቀጥለውን ቃል ያውቁት ነበር ማለት ነው።

"እንግዲያ ይህ እንቢ ማለትዎ ነው" አልኩ።

"እንቢ የት አልኩ? በሩን ቁረጪው። ምግብሽን ዝጊበት።"

ቆረጥኩትም፤ ሰባት በር ወጣው። የቀረውን ቆይቶ በተገኘ ደረቅ ዋንዛ አሟላነው። ዛሬ ወጥ ቤቴን የሚያዩ እንግዶች ቀዩንና ቡናማውን ያቀላቀልኩት ለፋሽን ይመስላቸዋል። ያን ጊዜ ግን ስለ በር መስማት አልፈለግኩም። ለምን አይመጡም ብዬ በቁጣ ተናገርኳቸው። እናቴን እንዲያ ተናግሬ አላውቅም።

እሳቸው አልተቆጡም። "እዚህ ጭሴ ካልወጣ ሰው ይጠይቃል" አሉኝ። "ምነው እመት ዛሬ እሳት አላነደዱም ብለው ይመጣሉ። አንቺ ጭስ የሌለው ቤት ሠርተሽ ልትዘጊብኝ ነው። እዚያ ማን ያውቀኛል?"

"ጭስ ብቻ ሰው ያድናል?"

ይህን ስል እጃቸው ቆመ። ወደ ሰማያዊው በር አዩ። ከዚያ ባለፈው ክረምት የሆነውን ነገሩኝ፤ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ ሊነግሩኝ ሳያስቡ መሰለኝ።

ሳንቃው ዝናቡን ጠጥቶ አብጦ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ሲስቡት በግድ ነው የሚመጣው። አንድ ጠዋት ተነስተው እሳት አንድደው በሩን ቢስቡት እንቢ አለ። መቀርቀሪያውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ጎተቱ፤ በትከሻቸው ገፉ፤ አልሆነም። ተጣሩ። ዝናቡ ቆርቆሮው ጣራ ላይ ስለሚወርድ የሚሰማቸው የለም። ጭሳቸው እየወጣ ስለሆነ የሚጠይቃቸውም የለም። ጎረቤቱ ላሞቹ አለመለቀቃቸውን አይቶ፣ ረፋዱ ካለፈ በኋላ መጥቶ በትከሻው ገጭቶ እስኪከፍተው ድረስ፣ እናቴ በገዛ በራቸው ተዘግተው ሳንቃውን እያዩ ተቀመጡ።

 ያን ሰሞን ደውዬላቸዋለሁ። ደህና ነኝ፣ ዝናቡ ደግ ነው ብለውኛል።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ያኑለት ነው ጭነሽ የምትወስጂኝ።"

እውነታቸውን ነው። ያኑለት እወስዳቸው ነበር።

የእናታቸው ነገርም ያን ቀን ነው የገባቸው አሉኝ። ያን ጊዜ ቂም ይዘው ነበር፤ በሬን ላክሁልሽ፣ እኔ አልመጣም የተባሉ መስሏቸው። ለካ አሮጊቷ ያንን ሳንቃ መሳብ አቅቷቸው ነው። ጭራሮ ሕፃንም ይገፋዋል፤ ጠዋት ካልተነሱ ማንም ገፍቶ ይገባል። ይህን ለልጅ መናገር ከብዷቸው በር ሰደዱ። "እኔም ለመናገር ከበደኝ" አሉ እናቴ፣ ቀስ ብለው።

ከዚያ ከማተባቸው ጋር ያሰሩትን ክር ፈቱና ቁልፍ አወጡ። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ማንኩሳ ብየዳ ቤት ያለው ልጅ ከውስጥም ከውጭም የሚከፈት አድርጎ ነው የሠራላቸው። አንዱን ለጎረቤት ሰጥተዋል፤ ይህኛው የእኔ ነው።

"ሳትጠሪኝ ግቢ" አሉኝ። "በይ፣ ውጪና ሞክሪው። አንዳንዴ ያስቸግራል።"

ወጣሁ። ከኋላዬ ቆለፉት። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ቆርቆሮው ይሞቃል። ቁልፉን ሳስገባው አልሄድ አለ፤ ገልብጬ አስገባሁት። ጆሮዬን ጣልኩ፤ ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። "እማ" ልል ነበር፤ ሳትጠሪኝ ስላሉ ዋጥኩት። ወደ ግራ ቢዞር እንቢ፣ ወደ ቀኝ ተንገራግጮ ተንቋቋ፣ ተከፈተ።

ከፀሐይ ስገባ ጨለመብኝ። ቀስ እያለ ነው የታየኝ። እናቴ መደባቸው ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ተስቧል። እጃቸው ደረታቸው ላይ ተጣጥፏል፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል። የበርበሬው ሰፌድ በሥርዓት ወደ ጥግ ተገፍቷል፣ ሰው ሲገባ እንዳይደናቀፍ።

 ቁልፉን እንደያዝኩ፣ ቆርቆሮው ከኋላዬ በንፋስ እየተንኳኳ፣ ዓይኔን ጋቢው ላይ ተከልኩ። ጋቢው ከፍ ዝቅ ሲል እስካየው ድረስ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።

እናቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ቶሎ ከፈትሽው" አሉኝ። "ደግ ነው።"

ከዚያ ተነስተው ጋቢያቸውን አራገፉና፣ ላሞቹ የሚገቡበት ሰዓት ደርሷል ብለው በአጠገቤ አልፈው ወጡ።